የእርሻ ሠራተኛ ቤት ስትነድፉ ከጭቃ ቤት ጀምሩ

ቢሮዬ ፒያሳ ነው። የእርሻ ሠራተኞች መኖሪያ ሊያሠራ የሚመጣ ባለሀብት ብዙ ጊዜ የሚያሳየኝ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ዝዋይን በመሰለ ሞቃታማ ስፍራ ያ ቤት ቀን ምድጃ ነው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የዋለ ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት ይረፍ?

መጀመሪያ ጣይቱ ሆቴል ወስጄ ሰፊውን በረንዳ አሳየዋለሁ። ፀሐይና ዝናብ ግድግዳውን በቀጥታ አያገኙትም። እናንተም ጣሪያውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አውጡት። ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ኮርኒስ ይግባ፤ በመሃል ሙቀቱ የሚወጣበት ክፍተት ተዉ።

ግድግዳው ላይ አትቸኩሉ። እንጨቱ መሬት ከነካ ምስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ገንቡ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየረገጣችሁ አቡኩት። ውሃ እየጨመራችሁ ለቀናት ይሰንብት፤ ጭዱ ሲለሰልስ ጭቃው እርስ በርሱ ይያያዛል። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ይድረቅ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አትደንግጡ። ስንጥቁን የሚዘጋው በደቃቅ ጭድ የተቦካው ሁለተኛው ልስን ነው።

ማድ ቤቱ ለብቻው ይሁን፤ ጭስ መኝታ ቤት መግባት የለበትም። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ በርና ቁልፍ ስጡ። ይሄን በወጪ ስም ማስቀረት ነውር ነው።

ንድፉን ከመጨረሳችሁ በፊት ደግሞ ሠራተኞቹን ጠይቁ፦ ቡና የት ታፈላላችሁ? ልብስ የት ታሰጣላችሁ? ሴቶቹ ማታ ሽንት ቤት የሚሄዱበት መንገድ መብራት አለው?