ለአፈር ግድብ የመሠረት ጥናት፦ ከኮር ሳጥኑ የጎደለውን መፈለግ

በደጋው የአገራችን ክፍል ከ15 እስከ 30 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሲታሰብ መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ ባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ (ላቫ) የተሠራ ድንጋይ ነው። ባዛልቱ ራሱ ግድቡን ይሸከማል። የሚያስቸግረው በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል ተቀብሮ የቀረው የጥንት አፈር፣ አመድና ስኮሪያ የሚባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃ የሚሾልከው በዚያ ነው፤ በቁፋሮ ጊዜ ታጥቦ የሚጠፋውም እሱ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው የድንጋይ ናሙና፣ ኮር የሚባለው፣ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ጠንካራ ድንጋይ ተደርድሮ ሲታይ ደስ ይላል፣ ግን ጥናቱ ያለው በጎደለው ላይ ነው።

ማሽን ከመከራየትዎ በፊት ሸለቆውን በበጋ በእግር ይዙሩት። የወንዙን ፍሰት ግድቡ የሚፈጥረው ሐይቅ ከሚጀምርበት በላይና ከግድቡ ቦታ በታች በአንድ ቀን ይለኩ። በመሃል ለመስኖ የጠለፈ ሰው ሳይኖር ታች ላይ ከቀነሰ ውሃው ወደ መሬት እየሰረገ ነው። ምንጮችንና የእጅ ጉድጓዶችን ይመዝግቡ፤ ከፍታቸውን ግን በሌቭል (በቀያሽ የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) እንጂ በእጅ ጂፒኤስ አይውሰዱ፣ በብዙ ሜትር ይስታል። በጎን ባለው ሸንተረር ውስጥ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከሐይቁ የሙሌት ከፍታ በላይ ከሆነ በዚያ በኩል ብዙ ስጋት የለም። ዝቅ ካለና ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ጎረቤት ሸለቆ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። እንደ መቀሌ ዙሪያ ባለ የኖራ ድንጋይ ላይ ይህን ሳያጣሩ ወደ ቁፋሮ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው። እረኞችንም ይጠይቁ፤ ወንዙ የት ጠፍቶ የት ብቅ እንደሚል ከካርታው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ለ20 ሜትር ግድብ በዘንጉ (በግድቡ መሃል መስመር) ላይ 5 ጉድጓድ መነሻ ይሆናል፤ በየአባትመንቱ፣ ማለትም ግድቡ ከሸለቆው ጎን በሚያርፍበት በኩል፣ ሁለት ሁለት፣ ወንዙ ላይ አንድ። ለማስተንፈሻው (ለትርፍ ውሃ መውጫው) እና ለውሃ ማውጫው ቱቦ መስመር ለየብቻ ይጨምሩ። መሃል ያለው ጉድጓድ ጥልቀቱ ቢያንስ የግድቡን ከፍታ ያህል ይሁን። ሁሉንም ቀጥ አድርገው አይቆፍሩ፤ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ቀጥ ያለ ስንጥቅን ሳይነካ ያልፋል። ወንዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈስበትን የሚመርጠው በተሰበረ ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ ከሁለቱም ዳርቻ አጋድለው ከወንዙ ስር የሚያልፍ ጉድጓድ ይቆፍሩ።

የኮሩ ውፍረት (ዲያሜትር) ከ60 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ደካማ ንጣፍ ላይ ትሪፕል ቲዩብ፣ ማለትም ኮሩን የሚጠብቅ ባለ ሦስት ሽፋን ቱቦ፣ ይጠቀሙ። በጤነኛ ድንጋይ በአንድ ዙር 1.5 ሜትር ይበቃል፤ ኮር መጥፋት ሲጀምር ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ያውርዱት፣ የውሃውን ግፊትም ይቀንሱ። ቆፋሪው የሚከፈለው በሜትር ከሆነ ይህን አይወድም፣ ስለዚህ ውሉ ላይ ቀድሞ ይጻፍ። 1.5 ሜትር ተቆፍሮ 1.1 ሜትር ኮር ከወጣ፣ በሳጥኑ ውስጥ የ40 ሴንቲ ሜትር እንጨት አስገብተው «ጠፍቷል» ብለው ከነጥልቀቱ ይጻፉበት። ኮሩን አጠጋግቶ ክፍተቱን መድፈን መረጃውን መሰረዝ ነው። የቁፋሮው ውሃ ተመልሶ መውጣቱን ያቆመበትን ጥልቀት፣ እንዲሁም ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በጉድጓዱ ያለውን የውሃ ከፍታ በየቀኑ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ የሉጆን ሙከራ ነው፤ ውሃ በግፊት አስገብቶ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካበት። ጉድጓዱ በጠራ ውሃ ይታጠብ፤ 5 ሜትር ክፍል በፓከር (በሚነፋ ወይም በሚጠብቅ የጉድጓድ መድፈኛ) ይዘጋ፤ ግፊቱ በአምስት ደረጃ ወጥቶ ይውረድ፣ ለምሳሌ 2፣ 4፣ 6፣ 4፣ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ በእያንዳንዱ ላይ 10 ደቂቃ። ከ27 እስከ 32 ሜትር ባለው ክፍል፣ በ6 ባር፣ በደቂቃ 30 ሊትር ከገባ፦ 30 ሲካፈል ለ5፣ ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ6፣ ውጤቱ 10 ሉጆን ነው (አንድ ሉጆን በ10 ባር ግፊት በየሜትሩ በደቂቃ አንድ ሊትር ነው)። ግፊቱ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ንባብ ብቻ አይደለም፤ የውሃው ዓምድ ይደመራል፣ በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ይቀነሳል። ከመሬት ወለል ቅርብ በሆነው ክፍል ላይ በጣም ይጠንቀቁ። በአንድ ሜትር ጥልቀት 0.23 ባር ገደማ ወሰን አድርጉ ይባላል፤ በ5 ሜትር ላይ 6 ባር ከሰጡ ድንጋዩን ራስዎ ይከፍቱታል፣ ከዚያ ለማያስፈልግ ግራውት (ስንጥቅ ለመድፈን የሚገፋ ፈሳሽ ሲሚንቶ) ገንዘብ ይወጣል። ግፊቱ ሲወርድም የሉጆኑ ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ሙሌት እየታጠበ ነው፤ ያ ክፍል አማካይ ቁጥር ተሰጥቶት መታለፍ የለበትም።

በአሜሪካ አይዳሆ የነበረው የቲተን ግድብ በ1976 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ሙሌቱ የፈረሰው፣ ያልተደፈነ ስንጥቅ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቀላሉ ከሚታጠበው የግድቡ መሃል አፈር ጋር ስለተገናኘ ነው። በስምጥ ሸለቆ ኢግኒምብራይት (ከጋለ የእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረ ድንጋይ) ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበል።

የግንባታ አፈሩን ለማጥናት ከ3 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ያስቆፍሩ፤ የሚገኘው መጠን ከሚያስፈልገው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ቀላል ሙከራ አለ፦ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ያልደረቀች የአፈር ጓል በጠራ ብርጭቆ ውስጥ ባለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ያኑሩ። ጓሏ ፈርሳ ውሃው ጥርት ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በዙሪያዋ እንደ ጭስ ያለ ደመና ተነስቶ የብርጭቆውን ወለል ከሸፈነ አፈሩ ተበታኝ ነው፣ ማለትም በውሃ በቀላሉ ተበትኖ ይታጠባል፤ ላቦራቶሪ ሳያረጋግጠው ግድብ ውስጥ አይገባም። የወንዝ ውሃ አይጠቀሙ፣ በውስጡ ያለው ጨው ደመናውን ይደብቀዋል።

አፈሩን ከሐይቁ ወለል ሲያወጡ ከሥሩ ጠጠር ወይም ስኮሪያ እንዳይገለጥ በየጉድጓዱ የሸክላውን ውፍረት ይለኩ፤ ሳይቆፈር የሚቀረውን ዝቅተኛ ውፍረትም በፕላኑ ላይ ያስምሩ። የተቆፈሩትን የኮር ጉድጓዶች ሁሉ ደግሞ፣ ፒዞሜትር (የከርሰ ምድር ውሃ ግፊት መለኪያ) ካልገባባቸው፣ ከታች ወደ ላይ በሲሚንቶና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ይድፈኑ።