ሩጫው ይቅደም ወይስ ብረቱ? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ይህን ጥያቄ ጂም ውስጥ ለሁለት ሰዎች ቢያቀርቡ ሁለት መልስ ይዘው ይወጣሉ። ብረት የሚያዘወትረው «ብረቱ ይቅደም» ይላል፤ ሯጩ ደግሞ «መጀመሪያ ሩጫ፣ ብረቱ ይደርሳል» ይላል። ሁለቱም የሚመልሱት ለራሳቸው ነው። ይበልጥ የሚፈልጉትን ነገር አስቀድመው፣ ሳይደክሙ ይሥሩት የሚለው ሕግ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ችግሩ ብዙ ሰው የትኛውን ይበልጥ እንደሚፈልግ ሳይወስን መጀመሩ ነው። ሳይወስኑ የቆዩ እንደሆነ ሰውነት በምልክት ይናገራል።

ምልክት የሌለበት ሰው ግን ምንም መለወጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። ለጤናው ብቻ የሚሠራ ሰው ሁለቱን አሟልቶ ከሠራ በየትኛውም ቢጀምር ያው ነው።

በእግር የሚነሣው ክብደት አልጨምር ሲል

በጣም የተለመደው ቅሬታ ይህ ነው። ሰውየው ሠላሳ ደቂቃ በመሮጫ ማሽን ላይ በደንብ ይሮጣል፤ ላቡን ጠርጎ በቀጥታ ወደ ስኳት (ክብደት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ይሄዳል። የመጀመሪያው ዙር ደህና ነው። በሁለተኛው ዙር አምስተኛው ድግግሞሽ ላይ ተረከዙ ከወለሉ ትንሽ ብድግ ይላል፤ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሲነሣ መቀመጫው ቀድሞ ከፍ ይልና ደረቱ ወደ ታች እንዳቀረቀረ ይቀራል። በጭኑ ሊያነሣው የሚገባውን ክብደት ወገቡ ተሸከመው ማለት ነው። በማግስቱ ወገቡን ሲያመው ስኳት አይስማማኝም ብሎ ይደመድማል።

ምክንያቱ ሁለት ደረጃ አለው። የቅርቡ ድካም ነው፦ ሩጫው በእግር ጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ግላይኮጅን፣ ማለትም ለጉልበት የሚውለውን የስኳር ክምችት፣ በከፊል ይጨርሳል፤ ጡንቻውም አእምሮ የሚልከውን ትእዛዝ እንደ ቀድሞው በሙሉ ኃይል አይቀበልም። የሩቁ ምክንያት ግን ሰውነት ለሁለቱ ልምምዶች የሚሰጠው ምላሽ የተለያየ መሆኑ ነው። ብረት ማንሳት ጡንቻ እንዲገነባ ያዛል፤ ረዥም ሩጫ ደግሞ ኃይል መቆጠብንና ለረዥም ሰዓት መጽናትን ያስተምራል። ተመራማሪው ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት ሁለቱን ባንድነት የሠሩት ሰዎች ጥንካሬ ለሰባት ሳምንት ያህል ብረት ብቻ ከሠሩት እኩል ሄደ፤ ከዚያ ቆመ፤ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ሳምንት ጭራሽ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህን ጥናት እየጠቀሱ ሩጫን እንደ ጡንቻ ጠላት የሚያዩ አሉ፤ አልስማማም። እነዚያ ሰዎች በሳምንት አምስት ቀን ከባድ ክብደት እያነሡ ስድስት ቀን ደግሞ አድካሚ የጽናት ልምምድ ይሠሩ ነበር። እንዲህ የሚሠራ ተራ ሰው ስንት ነው? ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት በመጠኑ ሲሠሩ የጡንቻ መጠንም ሆነ ከፍተኛ ጥንካሬ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው በፍጥነት የሚወጣው ኃይል፣ ማለትም የመዝለልና የመስፈንጠር ችሎታ ነው፤ እሱም በተለይ ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲሠሩ። ሩጫ ከብስክሌት ይበልጥ እንደሚያደናቅፍም ታይቷል። እግር መሬት በመታ ቁጥር ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትን ስለሚገታ፣ ብስክሌት ላይ የሌለ ጉዳት ይደርስበታል።

መፍትሄውን ከመሞከርዎ በፊት ጥፋቱ የቅደም ተከተሉ መሆኑን ያረጋግጡ። ማረጋገጫው የላይኛው አካል ነው። ሩጫ የሚያደክመው እግርን ስለሆነ ስኳት ቆሞ ቤንች ፕሬስ (ተንጋልሎ ክብደትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እየጨመረ ከሆነ ሩጫው ተጠርጣሪ ነው። ቤንች ፕሬሱም አብሮ ከቆመ ግን ሩጫውን ይተዉት፤ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ወይም ለወራት ከማይለወጥ ፕሮግራም ጋር ይነጋገሩ።

ሩጫው ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ እያወሩ ሊሠሩት በሚችሉት ልክ፣ ሰውነትዎን ያሟሙቁ። ቀጥሎ ባዶውን ዘንግ፣ ከዚያ የዕለቱን ክብደት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛውን ለጥቂት ድግግሞሽ አንሥተው ወደ ዋናው ይግቡ። ሩጫው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው ማሟሟቂያና ሩጫ ይምታታበታል፤ ማሟሟቂያ ካለከለከዎት ማሟሟቂያነቱ ቀርቷል። ጊዜ ካለዎት ሁለቱን በስድስት ሰዓት ያህል ማራራቅ፣ ከተቻለም በተለያየ ቀን መሥራት ከዚህም ይሻላል። የግድ ሩጫ መቅደም ካለበት የላይኛው አካል በሚሠራበት ቀን ያድርጉት፤ ወይም በብስክሌት ይተኩት።

ሩጫው አልፈጥን ሲል

ይህ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሁልጊዜ ብረቱን አስቀድሞ፣ የእግር ቀን ላይ ስኳትና ዴድሊፍት (ክብደትን ከወለል አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ጨርሶ የሚሮጥ ሰው እግሩ እንደ ግንድ ይከብደዋል፤ እርምጃው ያጥራል፤ ሳንባው ገና ሳይፈተን ጭኑ ያቆመዋል። ልብና ሳንባ ጠንክረው ካልሠሩ ደግሞ አይሻሻሉም። ከባድ የእግር ልምምድ የሚያመጣው የጡንቻ ሕመም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ስለሚችል የማግስቱ ሩጫም ሊበላሽ ይችላል።

በሳምንቱ ውስጥ በጣም የሚያስፈልግዎትን ሩጫ፣ ለምሳሌ በፍጥነትና በእረፍት እየተፈራረቀ የሚሠራውን፣ ይምረጡና እግርዎ ባረፈበት ቀን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡት። ቀላል ሶምሶማዎቹ ከብረት በኋላ ቢመጡ ጉዳት የለውም። አንዳንድ ሯጮች የእግር ብረታቸውን በዚያው በከባዱ ሩጫ ቀን፣ ከሩጫው ከሰዓታት በኋላ ይሠሩታል፤ ከባዱን ቀን ከባድ አድርገው ቀላሉን ቀን በእውነት ቀላል ለማድረግ ሲሉ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ብረቱን ጨርሶ መተው ግን አያዋጣም፦ ከባድ ክብደት ማንሳት ሯጭ በዚያው ፍጥነት ሲሮጥ የሚያወጣውን ጉልበት ይቀንስለታል።

ዴድሊፍት ላይ ወገብ ሲያስቸግር

ከዴድሊፍቱ በፊት የቀዘፋ ማሽን ላይ ነበሩ? ቀዘፋ የሚጠቀመው እነዚያኑ የወገብና የኋላ ጭን ጡንቻዎች ነው። ደክመው ሲመጡ ጀርባ ይጎብጣል። ቀዘፋውን ወደ መጨረሻ ይውሰዱት። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ሲያዞር ወይም ሲያቅለሸልሽ

እዚህ ላይ ጥፋቱ ከቅደም ተከተሉ ይልቅ በመሸጋገሪያው ላይ ነው። በፍጥነት ሲሮጡ ቆይተው ድንገት ቢቆሙ ደም እግር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚመለሰው ያንሳል፤ ያዞራል። ሩጫውን በአንዴ አያቁሙ፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እየተራመዱ ያብርዱት። ሌላው ምክንያት ክብደት ሲያነሡ ትንፋሽን ለረዥም ጊዜ ማፈን ነው። ሦስተኛው ባዶ ሆድ ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ የሚሠራ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ምግብ ቢቀምስ ይረዳዋል።

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም የተዛባ የልብ ምት ካለ ግን ልምምዱን ወዲያው ያቁሙና ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ያኔ የቅደም ተከተል ጥያቄ አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉ ተለውጦ ስቡ አልቀንስ ሲል

ጂም ውስጥ እንደ እውነት የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ ብረቱን ካስቀደሙ ግላይኮጅኑ ያልቃል፤ ከዚያ የሚመጣው ሩጫ በቀጥታ ስብን ያቃጥላል ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ከብረት በኋላ በሚሮጡባቸው ደቂቃዎች ሰውነት ከስብ የሚወስደው ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን ሰውነት ሒሳቡን የሚዘጋው ልምምዱ ሲያልቅ አይደለም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ብዙ ስብ ያቃጠለ ሰው በቀሪው ቀን ያነሰ ያቃጥላል፤ ወሳኙ በቀናትና በሳምንታት የበሉትና ያወጡት ጉልበት ልዩነት ነው። ስለዚህ ለስብ ብለው ቅደም ተከተል የሚለዋውጡ ሰዎች አዝንላቸዋለሁ፤ የማይከፍት ቁልፍ ይዘው በር ላይ የቆሙ ናቸው።

የሚሠራው መፍትሄ ብዙም አይማርክም። ለሁለት ሳምንት የሚበሉትንና የሚጠጡትን ይመዝግቡ፤ ጣፋጭ መጠጥ እንደ ውኃ እንዳይዘለል። ብረቱን ግን አይተዉ፤ ክብደት በሚቀንሱበት ጊዜ ጡንቻ ከስቡ ጋር አብሮ እንዳይሄድ የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ከበቂ ፕሮቲን ጋር። ሩጫውን የጉልበት ወጪ መጨመሪያ አድርገው ይያዙት፤ የትም ቦታ ቢቀመጥ ሥራውን ይሠራል።

ሁሉም አንድ ላይ ሲወርድ

ክብደቱም ቀነሰ፤ ሩጫውም ዘገየ፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለኩት የልብ ምት ከተለመደው አምስት ወይም አሥር ከፍ ብሎ ቀናት ይቆያል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የተባለው ለዚህ ነው። ምክንያቱ የሥራው ብዛት እንጂ ተራው ስላልሆነ ተራውን መቀያየር ዋጋ የለውም።

ለአንድ ሳምንት የሁለቱንም መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሱ፤ የክብደቱን ልክ ሳይሆን የዙሮቹን ቁጥር። ሲመለሱ ለሁለት ወር ያህል አንዱን ዋና ያድርጉ፤ ሌላው ያለበትን ለመጠበቅ በሚበቃ መጠን ብቻ ይሠራ። የተገኘን ጥንካሬ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ሥራ ለማግኘት ካስፈለገው በጣም ያንሳል፤ ለብዙ ሰው በሳምንት አንድ ጥሩ የብረት ቀን ይበቃል። ምልክቶቹ ከእረፍቱ በኋላም ካልለቀቁ ደም መመርመር ተገቢ ነው፤ የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ ያደክማሉ።

ሁለተኛው ሁልጊዜ ሲዘለል

ስለዚህ ምልክት የሚያወራ ብዙም አላየሁም፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚጎዳበት ይመስለኛል። መዝገብዎን ይክፈቱ። ብረቱ በየቀኑ ተጽፎ ሩጫው ከሦስት ቀን በሁለቱ ባዶ ከሆነ፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ለእርስዎ ገና አልደረሰም። ከሁለቱ አንዱን አይወዱትም፤ የማይወዱት መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠ ጊዜ አጠረ፣ ደከመኝ፣ ነገ እሠራዋለሁ የሚሉት ሰበቦች ሁሉ እሱ ላይ ያርፋሉ።

ስለዚህ የሚሸሹትን ያስቀድሙ፤ የእግር ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስም ይቀንስ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ለአራት ሳምንት ያህል ሌላ ምንም ሳይለውጡ ይሥሩና ሁለት ቁጥር ብቻ ይያዙ፦ በስኳት ያነሡት ክብደትና አንድን የተወሰነ ርቀት ለመሮጥ የፈጀብዎት ጊዜ። ሩጫው ፈጥኖ ስኳቱ ባለበት ከቆየ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ይተዉት። ስኳቱ ከወረደ ደግሞ ከሩጫ ቀኖቹ አንዱን ብቻ የላይኛው አካል ወደሚሠራበት ቀን ያዛውሩትና እንደገና ይለኩ።