ማሽኑ ሠርቷል፣ ፕሮቲኑ ግን የለም

ማስ ስፔክትሮሜትሩ (የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካው ማሽን) በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስፔክትረሞች፣ ማለትም የክብደት ልኬቶች፣ ሰጥቷችኋል። ሶፍትዌሩ የለየው ፕሮቲን ግን ሃምሳ አይሞላም። ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት የፍለጋ ቅንብሩን ክፈቱ።

ምንም አልተገኘም ማለት ይቻላል

መጀመሪያ ዳታቤዙን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ስፔክትረሞቹን የሚያነጻጽርበትን የፕሮቲን ዝርዝር፣ እዩ። ሶፍትዌሩ የሚያገኘው የሰጣችሁት ፋይል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የጤፍ ናሙና ይዛችሁ የሰው ፕሮቲኖችን ፋይል ብትሰጡት ጤፍ ከየት ይመጣል?

ቀጥሎ የክብደት ስህተት ገደቡ ነው። ኦርቢትራፕ (በጣም በትክክል የሚለካ የማሽን ዓይነት) ላይ ለሙሉው ፔፕታይድ፣ ማለትም ለፕሮቲን ቁራጩ፣ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር) የተለመደ ነው፤ 1000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ላይ 0.01 ዳልተን ማለት ነው። ፍራግመንቶቹ (ፔፕታይዱ ማሽኑ ውስጥ ሲሰበር የሚወጡት ስባሪዎች) በአዮን ትራፕ፣ ያን ያህል በትክክል በማይለካው መሣሪያ፣ ከተለኩ ግን 0.02 ዳልተን በጣም ይጠባል፤ 0.5 አድርጉት። ካልተሻለ የፔፕታይዱን ገደብ ወደ 50 ፒፒኤም ከፍታችሁ ሞክሩ። ስህተቶቹ ዜሮ ዙሪያ ሳይሆን 15 ፒፒኤም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ የልኬት ማስተካከያ) ተዛብቷል። አሁን ማሽኑን መውቀስ ይቻላል።

ሲስቴይን ያለባቸው ፔፕታይዶች ብቻ ጠፍተዋል

ይሄኛው ብዙ ሰው ያደክማል፤ እኔም ሁለት ቀን አቃጥዬበታለሁ። ሲስቴይን ከፕሮቲን መገንቢያ አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። ናሙናው ሲዘጋጅ ሲስቴይን ላይ በሚጣበቀው ኬሚካል፣ በአዮዶአሴታማይድ፣ ከታከመ እያንዳንዱ ሲስቴይን 57.021 ዳልተን ጨምሯል። ለሶፍትዌሩ ካልነገራችሁት የሚፈልገው ያልተነካውን ሲስቴይን ነው። ክሎሮአሴታማይድም የሚጨምረው ያንኑ ነው። ኤን-ኤቲልማሌይማይድ ከሆነ ግን 125.048 ነው። መፍትሄው ስልክ ነው፦ ናሙናውን ላዘጋጀው ሰው ደውላችሁ ምን እንደጨመረ ጠይቁት።

ዳታቤዙ ሲጨምር ውጤቱ ቀነሰ

«ሁሉንም ልክተት፣ አንዱ ይገኛል» የሚል ሐሳብ ደስ ይላል፣ ግን አይሠራም። ዝርዝሩ ሲሰፋ በአጋጣሚ የሚገጥመውም ይበዛል። ስህተትን ለመለካት ሆን ተብሎ ተገልብጠው የገቡት ሐሰተኛ ፕሮቲኖች፣ ማለትም ዲኮዮቹ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛሉ። የሐሰት ግኝቱን 1 በመቶ ላይ ለማቆየት የማለፊያ ነጥቡ ከፍ ይላል፤ እውነተኞቹም አብረው ይወድቃሉ። ተለዋዋጭ ሞዲፊኬሽን (አሚኖ አሲዱ ላይ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ኬሚካዊ ለውጥ) ማብዛትም ያው ነው። ለጀማሪ ፍለጋ የሜቲዮኒን ኦክሲዴሽን (ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ኦክስጅን መጨመሩ)፣ 15.995 ዳልተን፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዝርዝሩን ኬራቲን ሞላው

ይህ ፕሮቲን የሚመጣው ከቆዳ፣ ከፀጉር፣ ከሱፍ ሹራብ ነው። (ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ከክሱ ነጻ ነው።) ጓንት አድርጉ። የብክለት ፕሮቲኖችን ዝርዝር ግን ከፍለጋው አታውጡ፤ ካወጣችሁት የኬራቲኑ ስፔክትረም የሚመስለው ሌላ ፔፕታይድ ላይ ሄዶ ሊለጠፍ ይችላል።

ሁለት ፕሮቲኖች አልለይ አሉ

ልዩነታቸው ሉሲንና አይሶሉሲን በተባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ብቻ ከሆነ አትድከሙ። ሁለቱም 113.084 ዳልተን ናቸው፤ በተለመደው መሰባበር አይለዩም። በአንድ ቡድን ጻፏቸው።