ፍላይት ሲሙሌተር ሲንቀራፈፍ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ፍላይት ሲሙሌተር (የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም) ላይ ኤፍፒኤስ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት፣ ሲወርድ ብዙ ሰው ቀጥታ ሴቲንግ ገብቶ ሁሉንም ሎው ያደርጋል፣ ከዛ ምስሉ ይበላሽና ፍጥነቱ እዛው ይቀራል። የደከመው የቱ ጋ እንደሆነ ሳይለይ ነዋ የነካካው። መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ፦ ጅማ ኤርፖርት ራንዌይ ላይ አውሮፕላኑን አቁማችሁ ኤፍፒኤሱን እዩ፣ ከዛ ካሜራውን ሳትነኩ ሬዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ቁጥሩ ከፍ ካለ የከበደው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፣ ንቅንቅ ካላለ ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) ነው። የማይክሮሶፍቱ ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ደግሞ ዴቨሎፐር ሞድ ውስጥ የኤፍፒኤስ ማሳያውን ስታበሩ ራሱ ይነግራችኋል፣ ሜን ትሬድ ካለ ሲፒዩ ማለት ነው።

ጅማ ላይ ጥሩ ነው፣ ለንደን ወይ ኒውዮርክ ስደርስ ይሞታል
ሲፒዩ ነው። ህንፃው፣ መኪናው፣ ኤርፖርቱ ላይ የቆመው አውሮፕላን ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። የማይክሮሶፍቱ ላይ ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴይል (የመልክዓ ምድሩ ዝርዝር መጠን) 200 ከሆነ 100 አድርጉት፣ የኦብጀክቱንም እንደዛው፣ ትራፊክ ቀንሱ፣ የኮክፒት ስክሪኖቹን ሪፍሬሽ ሬት ሎው በሉት። ሌላው ሲሙሌተር ኤክስፕሌን ከሆነ ወርልድ ኦብጀክትስን ወደ ግራ ሳቡት። እዚህ ጋ ደመናና ጥላ ብትቀንሱ ብዙም ለውጥ አታዩም፣ በከንቱ ነው ምስሉን የምታበላሹት። ኤክስፕሌን ደግሞ አንድ ጉድ አለው፣ ኤፍፒኤሱ ከ20 በታች ሲወርድ የበረራውን ጊዜ ራሱ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ከጅማ አዲስ አበባ ስትበሩ የሲሙሌተሩ ሰዓት ከስልካችሁ ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ምክንያቱ እሱ ነው።

ደመና ውስጥ ስገባ ይጎተታል
ግራፊክስ ካርድ። ሐምሌ ላይ ላይቭ ዌዘር (የእውነቱን የአየር ሁኔታ) ከፍቶ ከጅማ የተነሳ ሰው ያውቀዋል። ቮልዩሜትሪክ ክላውድን ከአልትራ ወደ ሚዲየም፣ ሬንደር ስኬሊንግን (ምስሉ የሚሰራበትን ሬዞሉሽን) ወደ 80 አውርዱ። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርድ ያለው ዲኤልኤስኤስ ያብራ፣ ሌላው ኤፍኤስአር፣ ሁለቱም ምስሉን በትንሽ ሬዞሉሽን ሰርተው ያሳድጉታል።

መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ቆይቶ ይወርዳል
ሙቀት ነው፣ ላፕቶፕ ላይ በጣም የማየው ችግር ይሄ ነው። አንድ ወዳጄ አልጋ ላይ ጋቢ አንጥፎ ነበር የሚጫወተው፣ ከስር ያለው የአየር ቀዳዳ ድፍን ብሏል፣ ስንከፍተው ደግሞ ከፋኑ ጀርባ ያሉት ስስ የብረት ክንፎች ላይ አቧራው ተጋግሮ በጥፍር ሲነሳ እንደ ጨርቅ ተገሽልጦ ነው የወጣው። ሲፒዩው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዊንዶውስ ብታድሱ ድራይቨር ብትቀይሩ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። አጥፉት፣ ንቀሉት፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ አቧራውን ንፉ፣ ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ ተርማል ፔስቱን (ሲፒዩው ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) አስቀይሩ፣ ስትጫወቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የኋላው ከፍ ይበል። ኤፍፒኤሱን 30 ላይ መገደብም በጣም ያቀዘቅዘዋል። ለኔ 60 እና 25 መሃል ከሚዘል ማሽን 30 ላይ ረግቶ የሚቆይ ይሻለኛል፣ ሴስና ነው የምናበረው ተኩስ አይደለም።

ከመጀመሪያውም ሙት ነው፣ ሎውም ሃይም አንድ ነው
ቻርጀሩ መሰካቱን እዩ፣ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ሆኖ አቅሙን ይቀንሳል። ዴስክቶፕ ከሆነ የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰካ (አትሳቁ፣ ብዙ ሰው ቤት አለ)። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብታችሁ ሲሙሌተሩን ሃይ ፐርፎርማንስ በሉት፣ አለበለዚያ በደካማው የኢንቴሉ ላይ ሊሮጥ ይችላል። ዩዝድ ላፕቶፕ የገዛችሁ ደግሞ ራሙን እዩት፣ አንድ 8 ጊጋ ብቻ ከተሰካበት ሌላ 8 ጨምሩበት፣ ሁለት ሲሆኑ ፍጥነቱም ይጨምራል።

ቁጥሩ ጥሩ ነው ግን በየመሃሉ ቀጥ ይላል
ራሙ ሞልቶ ወደ ዲስክ እየተገለበጠ ነው፣ ወይ ሲሙሌተሩ ያለው ኤስኤስዲ ላይ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ክሮምን ዝጉ፣ ቴክስቸር አንድ ደረጃ አውርዱ። የማይክሮሶፍቱ ደግሞ መልክዓ ምድሩን እየበረረ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው፣ በሞባይል ዳታ ከሆናችሁ ፎቶግራሜትሪን (ከፎቶ የተሰሩትን የከተማ ህንፃዎች) አጥፉና ሮሊንግ ካሹን (የወረደውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን) አብሩ። ግራፊክስ ካርዱ ራሱ በጣም ያረጀ ከሆነ ፍላይትጊር የሚባል ሲሙሌተር አለ፣ ነፃ ነው፣ መልክዓ ምድሩንም አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ትበሩበታላችሁ።