ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራ፦ ከደጀን ዳገት የተማርኩት

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን እየወጣሁ ነበር። ቀትር ላይ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ አራት ሰው ጭናለች፣ ኤሲውም በርቷል። ዳገቱን ካጋመስኩ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ቴርሞሜትር በራ። "ደጀን ስደርስ አየዋለሁ" ብዬ ቀጠልኩ። ደጀን የገባሁት በገመድ ተጎትቼ ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ቀይ ከሆነ አመቺ ቦታ ይዛችሁ ቁሙ። ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ድረስ መሄድ ይቻላል። አረንጓዴና ሰማያዊ ብልሽት አይደለም።

ቀይ ቴርሞሜትር

ብዙ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም። ጠዋት ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ሰማያዊው ትንሽ ቢቆይ አትደንግጡ። ቀዩ ግን ጨዋታ አያውቅም።

ሲበራ ኤሲውን አጥፉ። የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል። ቁሙና ቀዩ ካልጠፋ፣ ወይም እንፋሎት ካያችሁ፣ ሞተሩን አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እኔ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስዘረጋ አንድ የአይሱዙ ሹፌር "ተው አንተ ልጅ! ፊትህን ሊልጥህ ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል።

ምክንያቱን ከቀላሉ ጀምራችሁ ፈልጉ። ውሃው ጎድሏል? ቱቦ ተቀዷል? ፋኑ ይዞራል? ከዚያ በኋላ ነው ቴርሞስታት፣ የውሃ ፓምፕ፣ የተደፈነ ራዲያተር የሚባለው። የእኔው ክዳኑ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያረጀ ክዳን ቆላ ካለው የባሰ ጉድ ያመጣል። የምንጭ ውሃ እየሞሉ መንዳትም ራዲያተሩን ያዝገዋል፤ ኩላንት ግዙ።

ቀይ የዘይት ማንቆርቆሪያ

ይሄ ለነገ አይባልም። ወዲያውኑ ሞተር አጥፉ። መብራቱ የሚቆጣጠረው የዘይቱን ግፊት ነው። ግፊት ከሌለ ብረት ብረትን ይበላል፤ በደቂቃዎች ሞተር ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል።

ዳገት ወይም ኩርባ ላይ በርቶ ሜዳ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል ማለት ነው። ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ፓምፑ አየር ይስባል። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉና እንደገና ከትታችሁ እዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መኪናውን አስጎትቱ። መካኒኩ "ሞተር ይውረድ" ከማለቱ በፊት ግፊቱን በጌጅ እንዲለካው ጠይቁ። አንዳንዴ የተበላሸው ሴንሰሩ ብቻ ነው።

ቀይ ባትሪ

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ባትሪ ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ! መብራቱ ባትሪው እየተሞላ እንዳልሆነ ነው የሚናገረው። ቺንጊያውን፣ ማለትም ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ እዩ፤ ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ደህና ከሆነ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይመርመር። ቺንጊያው ከተበጠሰ አትንዱ፤ በብዙ መኪና የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው። ካልተበጠሰ ሬዲዮና ኤሲ አጥፍታችሁ ቅርብ ከተማ ድረስ ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ ማታ ከሆነ ግን የፊት መብራቱ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ቀይ ፍሬን

የእጅ ፍሬን ወርዷል? ወርዶም ከበራ የፍሬን ዘይቱን እዩ። ከጎደለ ወይ ይፈሳል፣ ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል። ሞልቶ መንዳት መፍትሄ አይሆንም። ፔዳሉ ከሰመጠ ከነጭራሹ አትንቀሳቀሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርዱ ፍሬኑ ቢግል የሚነግራችሁ መብራት የለም። ሽታው ነው የሚነግራችሁ። በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን በየመሀሉ እየለቀቃችሁ ያዙ።

ቢጫ ሞተር፣ ማለትም ቼክ ኢንጅን

ሳይቋረጥ ከበራ ጊዜ አላችሁ። የነዳጅ ክዳኑ ጠብቆ መዘጋቱን እዩ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው፣ ማለትም ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም፤ ጋዝ አትርገጡ፣ ቶሎ አቁሙ። ካልሆነ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ካንዴላ (እሳት የሚጭረው) ወይም ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ነው። በጀሪካን የተገዛ ውሃ የገባበት ቤንዚንም ይሄን ያመጣል።

ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ የሚያወጣው ኮድ ሐኪም አይደለም። እኔ ፒ0171 ወጣብኝ። ከቤንዚኑ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። አንድ ጋራዥ የኦክስጅን ሴንሰር ቀየረልኝ፣ ከፈልኩ፣ በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመለሰ። ምክንያቱ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባ የተቀደደ የጎማ ቱቦ ነበር። የባትሪውን ጫፍ ነቅሎ መብራቱን የሚያጠፋ መካኒክም አትመኑ፤ ኮዱን ነው የሰረዘው።

የቀሩት

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ክረምት ላይ፣ ጭቃ ከነዳችሁ በኋላ ከበራ፣ ጎማው አጠገብ ያለውን ሴንሰር አጥቡ። ፍሬኑ ይሠራል፣ ድንገት ስትይዙ ግን ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። በናፍጣ መኪና ላይ የተጠማዘዘው ቢጫ ሽቦ ምልክት ካንዴሌታ (ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) ነው፤ እስኪጠፋ ጠብቃችሁ አስነሱ። ሃይሉክስ ላይ የናፍጣ ማጣሪያ መብራት ከበራ ሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ አስወጡ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን እስከ "ON" ብቻ አዙሩ። የዘይት፣ የባትሪ፣ የቼክ ኢንጅን መብራቶች መብራት አለባቸው። አንዱ ካልበራ ጠይቁ። ከቪትዟ በፊት የገዛኋት ኮሮላ ቼክ ኢንጅን አንድም ቀን በርቶ አያውቅም። ሻጩ "ንጹሕ መኪና ናት" ሲለኝ አምኜው ነበር። ዳሽቦርዱ ሲፈታ አምፖሉ ላይ ጥቁር ቴፕ ተለጥፎበት ተገኘ።