ጆሴፍሰን ጃንክሽን አዲስ አበባ ላይ ሲለካ፦ ችግርና መፍትሄ

ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች (ሲቀዘቅዙ ከረንት ያለ ሬዚስታንስ የሚያሳልፉ ቁሶች) በጥቂት ናኖሜትር ግርዶሽ ሲለያዩ የኤሌክትሮን ጥንዶች ያለ ምንም ቮልቴጅ ይሻገራሉ። ብራያን ጆሴፍሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 ተነበየ፤ አንደርሰንና ሮዌል በ1963 በሙከራ አሳዩ። ይህ ጆሴፍሰን ጃንክሽን የሚባለው ትስስር በጣም ደካማ ስለሆነ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይረብሸዋል። ስለዚህ ልኬቱ ሲበላሽ ናሙናውን ከመጣል በፊት ሽቦው፣ ሙቀቱና ማግኔታዊ መስኩ ይፈተሹ። እዚህ የተጻፈው በአብዛኛው በ24 ዲግሪ ባይክሪስታል (በ24 ዲግሪ ተዘዋውረው በተጣበቁ ሁለት ክሪስታሎች፤ ጃንክሽኑ የሚፈጠረው በድንበራቸው ላይ ነው) ላይ የተሠራ የዋይቢሲኦ (የኢትሪየም፣ ባሪየም፣ ኮፐርና ኦክስጅን ሱፐርኮንዳክተር) ጃንክሽን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረው ለሚለኩ ነው።

ቴርሞሜትሩ 77 ሳይሆን 75 ኬልቪን ያሳያል

ቴርሞሜትሩ ትክክል ነው። 77.4 ኬልቪን ናይትሮጅን በባሕር ጠለል የሚፈላበት ቁጥር ነው። አራት ኪሎ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ እንደሚፈላ ሁሉ ናይትሮጅንም በ75 ኬልቪን ገደማ ይፈላል። አደጋው የሚመጣው አንድ ሰው የቴርሞሜትሩን ዳዮድ «አስተካክሎ» 77.4 እንዲያነብ ሲያደርገው ነው። ያኔ በዚያ አካባቢ ያለው ንባብ ሁሉ በ2 ኬልቪን ይሳሳታል፤ ወሳኙ ከረንትም (ጃንክሽኑ ያለ ቮልቴጅ የሚያሳልፈው ከፍተኛው ከረንት) ከታተሙ ውጤቶች ጋር ሲወዳደር ያለምክንያት የበዛ ይመስላል። ባሮሜትር አንብቡና ካሊብሬሽኑን በእውነተኛው መፍያ ነጥብ ሥሩ።

የከረንትና የቮልቴጅ ኩርባው ከዜሮ ጀምሮ ቀጥ ያለ መስመር ነው

መጀመሪያ ናሙናው እየቀዘቀዘ ሬዚስታንሱን ለኩ። ፊልሙ 92 ኬልቪን ገደማ ላይ በአንድ ጊዜ ወርዶ ከዚያ በታች ትንሽ «እግር» ካስቀረ፣ እግሩ የጃንክሽኑ ነው። ሬዚስታንሱ ጥቂት ኦም ላይ ቀርቶ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ግን የምትለኩት ሽቦውን ነው፤ ከረንቱን በውጪዎቹ ሁለት ፓዶች፣ ቮልቴጁን በውስጦቹ ውሰዱ። ሽግግሩ ተለጥጦ ከ75 ኬልቪን በታች ከወረደ ፊልሙ ኦክስጅን አጥቷል ወይም እርጥበት በልቶታል። ኦክስጅን እየፈሰሰበት ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ አንዳንዴ ይመልሰዋል። መከላከሉ ይሻላል፤ በክረምት ቀዝቃዛ ቺፕ በቀጥታ ወደ አየር ሲወጣ ወዲያው ጤዛ ይለብሳል፣ ዋይቢሲኦ ደግሞ ውሃ አይወድም። ከፈሳሹ በላይ ባለው ደረቅ ጋዝ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ ከዚያ ሲሊካ ጄል ባለበት ዕቃ ይቀመጥ።

የዜሮ ቮልቴጁ መስመር አለ፣ መታጠፊያው ግን ክብ ነው

ከሁሉ በብዛት የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ መንስኤውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሙቀት ኖይዝ ነው። በ75 ኬልቪን የሙቀት ኖይዝ ከረንት 3.1 ማይክሮአምፔር ነው። ወሳኙ ከረንት 10 ማይክሮአምፔር የሆነ ጃንክሽን በምንም ፊልተር ሹል አይሆንም፤ 50 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ሌላው ከውጭ የሚገባ ኖይዝ ነው። ለመለየት ናይትሮጅኑን በፓምፕ እየሳባችሁ ወደ 67 ኬልቪን አውርዱት፤ በ63 ስለሚረጋ ከዚያ አትለፉ። ወሳኙ ከረንት አድጎ መታጠፊያው ከሰላ ሙቀት ነበር። ካልሰላ ምንጩ ውጭ ነው። መስኮት ክፍት ይሁን፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ሆኖ ኦክስጅኑን ይገፋዋል።

ለውጭ ኖይዝ ፈጣኑ ምርመራ ስልክ ነው። ኩርባው ኦሲሎስኮፕ ላይ እየታየ በአጠገቡ ስልክ ሲደወል ወሳኙ ከረንት ቁልቁል ከወረደ የሬዲዮ ሞገድ በሽቦው እየገባ ነው። ክሪዮስታቱ ራስ ላይ በብረት ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱን የከረንት ሽቦ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተርና በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አሳልፉት፤ ከ1.6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ይቆረጣል። በቮልቴጅ ሽቦው ላይ 100 ኦምና 1 ማይክሮፋራድ አድርጉ፤ መቁረጫው ያው ሆኖ ሬዚስተሩ የሚጨምረው ኖይዝ ያንሳል።

ኩርባው ሁለት መስመር ሆኖ የሚከፈት ከሆነ የ50 ኸርዝ ሉፕ (ከመብራት መስመር በኧርዝ የሚገባ ረብሻ) አለ። ኧርዙ በአንድ ነጥብ ብቻ ይታሰር፣ ፕሪአምፕሊፋየሩም በባትሪ ይሥራ። ቻርጀሩን ሰክቶ መተው ባትሪውን ከንቱ ያደርገዋል። ቋ ቋ የሚል ስታብላይዘር ከዚያ መስመር ይውጣ።

ወሳኙ ከረንት በማግኔት አይለወጥም፣ ወይም ከፍተኛው ዜሮ መስክ ላይ አይደለም

ከፍተኛው ቦታ በእያንዳንዱ ማቀዝቀዝ ከተለዋወጠ ፊልሙ ውስጥ ፍለክስ (የማግኔት መስክ መስመሮች) ተይዟል። ከ100 ኬልቪን በላይ አሙቁና በሙ-ሜታል (ማግኔታዊ መስክን በሚከልል ብረት) ውስጥ ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙ፤ ብሎኖቹም ናስ ወይም ቴፍሎን ይሁኑ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ታግዛለች። ከተማዋ ከማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነች የምድር መስክ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ሆኖ ከሞላ ጎደል አግድም ይሄዳል፤ ቺፑ ጠፍጣፋ ከተኛ በፊልሙ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፍ መስክ በጣም ትንሽ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 20 ማይክሮሜትር ስፋት ላለው የባይክሪስታል ጃንክሽን ወሳኙ ከረንት ዜሮ በሚሆንባቸው ሁለት መስኮች መካከል ያለው ርቀት 10 ማይክሮቴስላ እንኳ አይሞላም፤ ቺፑ ቢቆም የምድር መስክ ብቻውን ከሦስት ዑደት በላይ ያንሸራትተዋል። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ በቀላል ባቡር መስመር ዳር ላለ ክፍል ደግሞ የ750 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት መስመሩ መስኩን ባቡር በተነሳ ቁጥር ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ስኩዊድ (በጃንክሽን የሚሠራ የማግኔት መስክ መለኪያ) ያለ ጋሻ አትለኩ።

መስኩ ሲጨምር ወሳኙ ከረንት እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ የማይነካ ከሆነ ግርዶሹ ወጥ አይደለም ወይም ቀዳዳ አለው። ይህ አይጠገንም፤ ናሙናው ይቀየር።

የሻፒሮ ደረጃዎች ቁጥር አይገጥምም

ጃንክሽኑ ላይ የ10 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ ሲለቀቅ ኩርባው ላይ የሚወጡት ደረጃዎች በ20.7 ማይክሮቮልት መራራቅ አለባቸው። 21.1 ካነበባችሁ የአምፕሊፋየሩ ጌይን 2 በመቶ ስቷል፤ የተፈጥሮ ቋሚው አይሳሳትም። 41.4 ከሆነ የፊልሙ መስመር የባይክሪስታሉን ድንበር ሁለቴ አቋርጦ ሁለት ጃንክሽኖች በተከታታይ አብረው እየሠሩ ነው።

የቢስሙዝ ኩፕሬት ክሪስታል ብዙ ቅርንጫፍ ያሳያል

ብልሽት አይደለም። በዚህ ክሪስታል የኮፐር ኦክሳይድ ንጣፎቹ ራሳቸው በየ1.5 ናኖሜትሩ ጃንክሽን ይሆናሉ፤ ይህን ክላይነርና ሙለር በ1992 አሳይተዋል። 15 ናኖሜትር ከፍታ ያለው ሜሳ (ከክሪስታሉ ላይ የተቀረጸ ትንሽ ጉብታ) 10 ያህል ጃንክሽን ይይዛል፤ እያንዳንዱ በተራው ወደ ቮልቴጅ ሲዘል አንድ ቅርንጫፍ ይጨምራል። ቅርንጫፉን ቆጥራችሁ ከከፍታው ጋር አስተያዩ። በከፍተኛ ከረንት ቮልቴጁ ወደ ኋላ ከታጠፈ ግን ሜሳው ራሱን እያሞቀ ነው፤ ሜሳውን አጥብቡ፣ ወይም ከረንቱን በአጫጭር ፐልስ ስጡ።