የመንግሥት እርሻ ለሕዝብ ሲመለስ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከአዳማ እስከ መተሐራ ባለው መስመር በመሬት ጉዳይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የመንግሥት እርሻ መሬት ለሌላቸውና ለተፈናቀሉ ይመለስ ሲባል ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያቃጥለኝ አሰጣጡ ነው።

ከሁሉ የከፋው መሬቱን ሰጥቶ ውሃውን መርሳት ነው። በዚህ በቆላው አዋሽ ዝናብ ብቻ ተማምኖ መዝራት አያዋጣም። እነዚህ እርሻዎች ዋጋ ያላቸው በቦያቸው ነው። ቦዩ ደግሞ የተሠራው ለአንድ አዛዥ ነው፤ አንድ ዋና ቦይ፣ ጥቂት የውሃ በሮች፣ ሰፋፊ ማሳዎች። ይህን በግማሽ በግማሽ ሄክታር ሸንሽኖ ዕጣ ማውጣት ቀላል ነው። በሩን ማን ይከፍታል? ደለሉን ማን ይጠርጋል? የፓምፑን ወጪ ማን ይችላል? በዕጣው ቀን ይህን የሚያነሳ የለም። ከዚያ ራስጌ ያለው ሽንኩርቱ እስኪበሰብስ ያጠጣል፣ ግርጌ ያለው ችግኙ ይደርቅበታል። አካፋና ባትሪ ይዘው ሌሊቱን የውሃ በር ሲጠብቁ ያደሩ ጎረቤታሞች አይቻለሁ። አንዱ ከፍቶ ሲሄድ ሌላው ይዘጋል። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ተራ የሚባል ነገር አልተሰጣቸውም። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ይመረጥ፣ ተራው በጽሑፍ ይውጣ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቦዩን እንዲነካ ተደርጎ ይለካ። ዕጣው ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ትርፍ ውሃ ስለሚያስወጣው ማጠንፈፊያ ቦይም እንዲሁ። በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ከ1983 በኋላ የመንግሥት የጥጥ እርሻ በከፊል ለአፋር ጎሳዎች ተመልሷል። ግን እዚያ ብዙ ማሳ በጨው ተጎድቷል። ትርፍ ውሃ መውጫ ሲያጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል፣ ጨዉን ይዞ ይመጣል፣ አፈሩ ላይ እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ታርሶ የተተወውን ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ ይወርሰዋል። ርክክብ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ።

ሌላው «ባዶ መሬት» የሚባለው ነው። የመተሐራ የሸንኮራ እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን ወስደዋል። ወራት ሙሉ ሰው የማይታይበት ቦታ ለከብቱ የክፉ ቀን መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። መዝጋቢው ግን ሰዉ ግመል ይዞ በራቀበት ወር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። እናንተ ውሃ መውረጃው ድረስ ሂዱ፤ የአገር ሽማግሌዎቹን ጠይቁ።

በእርሻው ካምፕ ውስጥ ያሉትንም አትርሱ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ለጉልበት ሥራ መጥተው ልጅ የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። እነሱም መሬት የላቸውም። አንዱን ተፈናቃይ ለማስፈር ሌላውን ማፈናቀል ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?

በ2010 ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው አዳማ የሰፈሩ ወገኖች አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው «መታወቂያህ የዚህ ወረዳ አይደለም» ብሎ መመለስ ነውር ነው። ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሎበት ሊሆን ይችላል። ምስክር ተቀብሎ መመዝገብ ይቻላል።

የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሚስት ስምና ፎቶ ይኑር። ይህን ዛሬም መናገር አልነበረብኝም።

የድንበር ችካል ሳይተከል መሬቱን አታስረክቡ።

በመጨረሻ፣ ዘር፣ ማዳበሪያና የትራክተር ኪራይ ለሌለው ሰው ደብተር ብቻ አትስጡ። እጁ ባዶ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ምርት መሬቱን ለባለሀብት በኮንትራት ይሰጣል። የዓመቱን ኪራይ ባንዴ ተቀብሎ ለዕዳ ይከፍልና በገዛ መሬቱ ላይ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርቶች የሚሆን የግብዓት ብድር ከመሬቱ ጋር አብሮ ይምጣ። የገበሬ ዩኒየኖችን ከዕጣው በፊት አነጋግሩ፤ ማዳበሪያ ለማዘዝ ጊዜ ይፈልጋሉ።